ቡድን ሲሞት ታሪኩን ማን ይወርሳል? የሜሪላንድ የጠፉ የስፖርት ቡድኖች



የዛሬው ንግግር ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንድ ባልደረባዬ «የታሪክ ክፍል ከመቼ ወዲህ ነው የስፖርት ዜና የጀመረው?» ሲል ቀልዶብኛል። ቀልዱ አላስከፋኝም፤ ነገር ግን መልስ ይገባዋል። ዛሬ የምናገረው ማን ማንን አሸነፈ በሚለው ላይ ብዙም አይደለም። ጉዳዬ ንብረት፣ ስምና መዝገብ ነው። አንድ የስፖርት ቡድን ሲፈርስ ወይም ከተማውን ጥሎ ሲሄድ የሠራው ታሪክ የማን ሆኖ ይቀራል? የባለሀብቱ ነው? የሊጉ ነው? ወይስ በዝናብና በብርድ ተኮራምቶ ሲመለከተው የኖረው የከተማው ሕዝብ?

ለዚህ ጥያቄ የመረጥሁት ሜሪላንድን ነው። በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ የተዘረጋች፣ በስፋቷ ትንሽ የሆነች የአሜሪካ ግዛት ናት። ብዙዎቻችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ስለማታጡ ስሟ እንግዳ አይሆንባችሁም። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነው። ቡድኖቿን ያጣች ግዛት ብዙ ናት፤ ያጣቻቸውን ለማስመለስ ሕግ ያወጣች፣ ፍርድ ቤት የቆመች፣ በመጨረሻም የሌላውን ከተማ ቡድን የወሰደች ግዛት ግን እንደ ሜሪላንድ አላገኘሁም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውቅ።

በታወቀው ልጀምር። ባልቲሞር ኮልትስ የተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በ1953 ተቋቋመ። በዚሁ ስም ቀደም ሲል የነበረ ሌላ ቡድን ከሁለት ዓመት በፊት ከስሞ ነበር። አዲሱ ኮልትስ በታኅሣሥ 1958 በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም በተደረገው የሻምፒዮና ጨዋታ የኒው ዮርክ ጃያንትስን በተጨማሪ ሰዓት 23 ለ17 አሸነፈ። ብዙ የስፖርት ጸሐፊዎች ፉትቦል የቴሌቪዥን ዘመን ስፖርት የሆነው ከዚያ ጨዋታ ጀምሮ ነው ይላሉ። ኳስ አቀባዩ ጆኒ ዩናይተስ ቀደም ሲል በሌላ ቡድን ተሞክሮ የተሰናበተ ሰው ነበር፤ በመርከብ ግንባታና በብረት ማቅለጫ ላብ የምትኖረው ባልቲሞር እንደ ልጇ አየችው።

በ1972 ሮበርት ኢርሴ የተባለ ባለሀብት የሎስ አንጀለስ ራምስን ገዝቶ ወዲያው ከኮልትስ ባለቤት ጋር ተለዋወጠ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሁለት ሰዎች ሁለት ከተሞች የራሳችን የሚሏቸውን ሁለት ቡድኖች፣ ነጋዴዎች ፈረስ በፈረስ እንደሚለዋወጡ፣ በውል ተለዋወጡ፤ ከተሞቹን የጠየቀ አልነበረም። ሕጉም እንዲጠየቁ አያስገድድም ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የቡድኑ ውጤት አሽቆለቆለ፤ ተመልካቹ ሳሳ፤ ባለቤቱና ከተማዋ በስታዲየሙ ጉዳይ ተካረሩ። ኢንዲያናፖሊስ በበኩሏ ባለ ጣሪያ ስታዲየም ሠርታ ቡድን ትጠብቅ ነበር።

በመጋቢት 27 ቀን 1984 የሜሪላንድ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አንድ ረቂቅ አጸደቀ። ረቂቁ ባልቲሞር ከተማ ቡድኑን ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ካሳ ከፍላ እንድትወስድ ሥልጣን የሚሰጥ ነበር። ይህን ሥልጣን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መንግሥት መንገድ ሲያወጣ የሰውን ቤትና መሬት የሚያስለቅቅበት ሥልጣን ነው። ልዩነቱ አሁን የሚወሰደው መሬት ሳይሆን ቡድን መሆኑ ነው። ኢርሴ ይህን እንደ ሰማ አልቆየም። ከመጋቢት 28 እስከ 29 ባለችው ሌሊት ሜይፍላወር የተባለው የዕቃ ማጓጓዣ ኩባንያ የጭነት መኪናዎች ወደ ቡድኑ ማሠልጠኛ ገቡ። መዝገቡ፣ የራስ ቁሩ፣ የክብደት ማንሻው፣ የቢሮ ጠረጴዛው ሁሉ ተጭኖ ወጣ። በማግሥቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤቱ ረቂቁን አጸደቀው፤ አገረ ገዢው ሃሪ ሂውዝም ፈረሙበት። ሕጉ ሲወለድ የሚይዘው ነገር ሄዷል።

ከተማዋ ግን ክስ መሠረተች። ለእኔ የዚህ ክስ ቁም ነገር ከጭነት መኪናዎቹ ይልቅ ይማርካል። ለመሆኑ ቡድን የት ነው ያለው? የራስ ቁር የት እንዳለ ማሳየት ይቻላል። ነገር ግን ኢርሴ የያዘው ዋናው ንብረት በሊጉ ውስጥ የመሳተፍ መብት ነው፤ የማይዳሰስ፣ በጭነት መኪና የማይጫን መብት። ሜሪላንድ «መብቱ ያደገው እዚህ ነው፤ ዋጋ ያገኘውም ከዚህ ሕዝብ ነው» የሚል ክርክር ነበራት። በ1985 መጨረሻ የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ከተማዋ ጥያቄዋን ባቀረበችበት ጊዜ ቡድኑ ከግዛቱ ወጥቶ ስለነበር ልትወስደው አትችልም ሲል ወሰነ። የሌሊቱ ጉዞ በሕግ ዐይን ውጤት አገኘ ማለት ነው።

የባልቲሞርን ጥያቄ በእኛ የታሪክ ቋንቋ ብንገልጸው የርስት ጥያቄ ነበር። ርስት የሚጠየቀው በመግዛት አይደለም፤ አባቶቼ እዚህ ነበሩ በማለት ነው። የከተማዋ ሰዎች የሚሉትም ይህንኑ ነበር፤ አባቴ ወደዚህ ስታዲየም ይዞኝ መጥቷል፣ እኔም ልጄን አምጥቻለሁ። የአሜሪካ የንብረት ሕግ ለእንዲህ ያለው ክርክር ቦታ የለውም። ንጽጽሩን ከዚህ በላይ አልገፋውም፤ ርስት የራሱ ሥርዓትና የራሱ በደል ነበረው።

የቡድኑ የማርሽ ባንድ ግን አልሄደም። ያን ሌሊት የባንዱ አልባሳት ከልብስ ማጠቢያ ቤት ስለነበሩ አልተጫኑም። ከ1947 ጀምሮ የነበረው ባንድ ከ1984 እስከ 1996 ቡድን ሳይኖረው በሰልፍና በሌሎች ከተሞች ጨዋታ ላይ እየተጫወተ ኖረ። የባልቲሞሩ ተወላጅ የፊልም ሠሪ ባሪ ሌቪንሰን በ2009 ስለዚሁ ባንድ ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል፤ ተማሪዎች ብታዩት አትጸጸቱም።

ከአሥር ዓመት በኋላ የስሙ ጉዳይ መጣ። በ1994 የካናዳ ፉትቦል ሊግ ወደ አሜሪካ ሲስፋፋ ጂም ስፔሮስ የተባለ ባለሀብት በባልቲሞር ቡድን አቋቋመና ኮልትስ ሊለው ፈለገ። የኢንዲያናፖሊሱ ቡድንና ሊጉ ከሰሱት። የይግባኙ ፍርድ ቤት ዳኛ ሪቻርድ ፖስነር በጻፉት ውሳኔ ስሙን እንዳይጠቀም ታገደ። የውሳኔው መሠረት ገበያ ነበር፤ ደንበኛው ግራ ይጋባል፣ የባልቲሞሩ ቡድን ከኢንዲያናፖሊሱ ጋር ግንኙነት ያለው ይመስለዋል የሚል ነው። በሕጉ በኩል ምክንያቱ አሳማኝ ነው፤ እኔም ደጋግሜ አንብቤው የሎጂክ ስሕተት አላገኘሁበትም። ሆኖም በባልቲሞር ከነበረው ተመልካች መካከል ኮልትስ ወዴት እንደ ሄደ የማያውቅ አንድም ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ቡድኑ የ1994ን ውድድር ያለ ስም ተጫወተ። በስታዲየሙ አስተዋዋቂው «የእናንተው ባልቲሞር» ብሎ ዝም ይላል፤ የቀረውን ሕዝቡ በጩኸት ይሞላዋል። ፍርድ ቤት ባለቤቱን ማገድ ይችላል፤ የታዳሚውን አፍ ግን አላገደም። በቀጣዩ ዓመት ስታሊየንስ የሚል ስም ወጣለት። በኅዳር 19 ቀን 1995 ካልጋሪን 37 ለ20 አሸንፎ ግሬይ ካፕ የተባለውን የካናዳ ዋንጫ ወሰደ። ይህን ዋንጫ የወሰደ ሌላ የአሜሪካ ቡድን የለም። ዋንጫው በተገኘበት ቀን ግን ቡድኑ በሞት አፋፍ ላይ ነበር። ከአሥራ ሦስት ቀናት በፊት የክሊቭላንድ ብራውንስ ባለቤት አርት ሞዴል ቡድኑን ወደ ባልቲሞር እንደሚያመጣ አስታውቆ ነበርና። ስታሊየንስ ከታላቁ ሊግ ጋር በአንድ ከተማ ሊኖር አልቻለም፤ ወደ ሞንትሪያል ተሻገረና የአሉኤትስን የቀድሞ ስም ለብሶ ቀጠለ።

በ1984 ያለቀሰች ከተማ በ1995 ሌላውን ከተማ አስለቀሰች። የባልቲሞር ሰዎች ይህን ሳያውቁት አልቀሩም፤ በጊዜው ኀፍረት የተሰማቸው እንደነበሩም ይነገራል። ክሊቭላንድ ግን ባልቲሞር ያላገኘችውን አገኘች። በ1996 በተደረገው ስምምነት ብራውንስ የሚለው ስም፣ ቀለሙና የውጤት መዝገቡ በክሊቭላንድ እንዲቀር ተወሰነ፤ በ1999 አዲስ ቡድን ሲቋቋም ወረሰው። ባልቲሞር የመጣው ቡድን ሬቨንስ ተብሎ ታሪኩን ከዜሮ ጀመረ። የ1958ቱ ድል ግን ዛሬም በሊጉ መዝገብ የኢንዲያናፖሊስ ነው፤ ዩናይተስ ከኢንዲያናፖሊሱ ቡድን ጋር ዝምድና የለኝም ሲል ኖሮ በ2002 ዐረፈ፤ ሐውልቱ የቆመው በሬቨንስ ስታዲየም ደጃፍ ነው።

ስም ሁልጊዜ እንዲህ ንብረት አልነበረም። ኦሪዮልስ የሚለውን ተመልከቱ፤ ስሙ የግዛቲቱ ወፍ ስም ነው። ከ1894 እስከ 1896 በተከታታይ የናሽናል ሊግ ሻምፒዮን የሆነው የቤዝቦል ቡድን ኦሪዮልስ ይባል ነበር፤ ሊጉ ቡድኖቹን ሲቀንስ ከ1899 በኋላ ጠፋ። በ1901 የአሜሪካን ሊግ ሌላ ኦሪዮልስ አቋቋመ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ቦታው ለኒው ዮርክ ተሰጠ። ወዲያው በ1903 በአነስተኛ ሊግ ሦስተኛ ኦሪዮልስ ተነሣና ለሃምሳ ዓመት ኖረ። በ1954 ደግሞ የሴንት ሉዊስ ብራውንስ ወደ ባልቲሞር ተዛውሮ ያንኑ ስም ያዘ። አካሉ እየተለወጠ ስሙ ከከተማው ጋር ኖረ። በዚያን ዘመን ስሙ የከተማው ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም፤ በ1994 ግን የንግድ ምልክት ሆኗል። በእነዚህ ዓመታት መካከል የተለወጠው የሕዝቡ ፍቅር ሳይሆን በስሙ የሚሸጠው የካኔቴራና የኮፍያ ገበያ ነው።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ፤ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ በላይ ክብደት ያለው ክስ የተነሣው ዛሬ ማንም ከማያስታውሰው ቡድን ነው። በ1914 ፌዴራል ሊግ የተባለ አዲስ የቤዝቦል ሊግ ከሁለቱ ታላላቅ ሊጎች ጋር ሊፎካከር ተነሣ። ባልቲሞር በዚህ ሊግ በቼሳፒክ ኤሊ ስም ቴራፒንስ የተባለ ቡድን አቆመች። አዲሱ ሜዳ የአነስተኛው ሊግ ኦሪዮልስ ከሚጫወትበት ሜዳ ከመንገዱ ማዶ ተሠራ፤ ሕዝቡም ወደዚያ ጎረፈ። የኦሪዮልሱ ባለቤት ጃክ ደን ገቢው ሲደርቅ ተጫዋቾቹን መሸጥ ጀመረ። በሐምሌ 1914 ለቦስተን ከሸጣቸው መካከል የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የባልቲሞር ልጅ ቤብ ሩት ይገኝበታል። አንዱ ቡድን ሌላውን ለመግደል ሲታገል ከተማዋ ታላቁን ልጇን አጣች።

ፌዴራል ሊግ በ1915 መጨረሻ ፈረሰ። ከባለሀብቶቹ አንዳንዶቹ በገንዘብ ተካሱ፣ አንዳንዶቹ ታላላቅ ቡድኖችን እንዲገዙ ተፈቀደላቸው። ባልቲሞሮች ቡድን መግዛት ፈልገው ነበር፤ የቺካጎው ባለሀብት ቻርልስ ኮሚስኪ ባልቲሞር የአነስተኛ ሊግ ከተማ ናት ብሎ አጣጣላቸው። እነርሱም ታላላቆቹ ሊጎች ተመሳጥረው ንግዳችንን አጥፍተዋል ሲሉ በፀረ ሞኖፖል ሕግ ከሰሱ። በ1919 በመጀመሪያው ፍርድ 80,000 ዶላር ተፈረደላቸው፤ በሕጉ መሠረት በሦስት ተባዝቶ 240,000 ሆነ። ይግባኝ ሰሚው ሻረው። ነገሩ ከአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በግንቦት 1922 በአንድ ድምፅ ተፈረደባቸው። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ የቤዝቦል ጨዋታ በአንድ ግዛት ውስጥ የሚፈጸም ትርኢት እንጂ በግዛቶች መካከል የሚካሄድ ንግድ አይደለም አሉ፤ ተጫዋቾቹ በባቡር ከግዛት ወደ ግዛት መመላለሳቸው ተከታይ ነገር ነው እንጂ ዋናው አይደለም።

ይህ አስተሳሰብ በ1922 ምናልባት የሚያስኬድ ነበር ይባል ይሆናል። ፍርድ ቤቱ ግን በ1953ም በ1972ም፣ ቴሌቪዥን ጨዋታውን በመላ አገሪቱ በሚሸጥበት ዘመን፣ ውሳኔውን ሳይሽረው ቀረ። በ1972 ራሱ ነገሩ ከሌሎች ስፖርቶች ሕግ ጋር የማይጣጣም መሆኑን አምኖ፣ ማስተካከሉ የኮንግረስ ነው አለ። ኮንግረስ በ1998 ለታላላቅ ሊግ ተጫዋቾች የሥራ ጉዳይ ብቻ ማሻሻያ አደረገ። በዚህ ምክንያት ቤዝቦል እስከ ዛሬ ሌላው ስፖርት የሌለው ከለላ አለው። ከለላውን ያስገኘለት ደግሞ የባልቲሞር ሽንፈት ነው።

ዳፋው ወደ ሜሪላንድ ለመመለስ መቶ ዓመት ያህል ወሰደበት። በግዛቲቱ ምዕራብ ሄገርስታውን የተባለች የባቡርና የአውሮፕላን ፋብሪካ ከተማ አለች። በ1930 በተሠራው የማዘጋጃ ቤት ስታዲየሟ ዊሊ ሜይስ በሰኔ 1950 በአነስተኛ ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታውን አድርጓል፤ የተቀበለው በዘር ስድብ ነበር፤ ከነጭ ጓደኞቹም ጋር በአንድ ሆቴል አላደረም። በዚህ ሜዳ ከ1981 ጀምሮ ሄገርስታውን ሳንስ የተባለ ቡድን ይጫወት ነበር። በ2020 መጨረሻ ታላቁ ሊግ በውል ያያዛቸውን አነስተኛ ቡድኖች ከ160 ወደ 120 ሲቀንስ ሳንስ ከወደቁት አንዱ ሆነ። ከሌሎች ግዛቶች የተቆረጡ ቡድኖች በፀረ ሞኖፖል ሕግ ከሰሱ፤ በር ላይ የጠበቃቸው የ1922ቱ ውሳኔ ነበር። ጉዳዩ በ2023 በስምምነት ስለተዘጋ ውሳኔው እንደገና ሳይፈተን ቀረ። የሄገርስታውኑ አሮጌ ስታዲየም በ2022 ፈረሰ። በ2024 ከተማዋ በአዲስ ስታዲየም ከታላቁ ሊግ ነጻ በሆነ ሊግ የሚጫወት ሌላ ቡድን አገኘች፤ ስሙን ከተማዋ ትሠራው ከነበረው የጭነት አውሮፕላን ወሰደ።

እስካሁን ስለ ንብረትና ስለ ስም ተናገርሁ። መዝገቡ ቀርቷል፤ ለታሪክ ተማሪ ደግሞ ዋናው እርሱ ነው።

በግዛቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በዶሮ እርባታና በኦይስተር በምትኖረው አገር፣ ኢስተርን ሾር ሊግ የተባለ ዝቅተኛ የቤዝቦል ሊግ በ1922 ተቋቁሞ ሁለት ጊዜ እየሞተ ሁለት ጊዜ እየተነሣ እስከ 1949 ቆየ። በ1937 የሶልዝበሪ ኢንዲያንስ 21 ጊዜ አሸንፎ 5 ጊዜ ብቻ ተሸንፎ ሳለ፣ ከፍ ባለ ደረጃ የተጫወቱ ሰዎችን ቁጥር የሚገድበውን ደንብ ጥሷል ተባለ። ያሸነፋቸው 21 ጨዋታዎች እንደ ሽንፈት ተቆጠሩ፤ መዝገቡ ዜሮ ለ26 ሆነ። ከዚያ በኋላ 59 አሸንፎ፣ 11 ብቻ ተሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ይህን ታሪክ ስናገር ሳቅ ይመጣል፤ ይሳቅ፤ ነገር ግን ሕዝብ ተሰብስቦ ያየው ድል በብዕር ሽንፈት መሆን እንደሚችልም ልብ በሉ።

ባልቲሞር ቡሌትስ የተባለው የመጀመሪያው የቅርጫት ኳስ ቡድን ደግሞ በ1948 ዛሬ ኤን.ቢ.ኤ የምንለው ሊግ ቀዳሚ በነበረው ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። በኅዳር 1954 ውድድሩ ገና ሳይጋመስ በገንዘብ እጦት ፈረሰ፤ 14 ጨዋታ አድርጎ 3 አሸንፎ ነበር። ሊጉ እነዚያን 14 ጨዋታዎች ከደረጃ ሰንጠረዡ ሰረዛቸው። ተጫዋቾቹ ላብ አፍስሰዋል፣ ተመልካቹ ትኬት ቆርጧል፣ የማግሥቱ ጋዜጣ ውጤቱን አትሟል። የደረጃ ሰንጠረዡን ብቻ የሚያነብ ተመራማሪ ግን ጨዋታዎቹን አያገኛቸውም።

በመጨረሻ ያስቀመጥሁት የጥቁሮቹን ቡድን ነው። ነጮቹ ሊጎች ጥቁር ተጫዋች በማይቀበሉበት ዘመን ባልቲሞር ብላክ ሶክስ በ1929 የሊጉ ሻምፒዮን ነበር፤ ከእርሱ መክሰም በኋላ በናሽቪል የተመሠረተው ኢላይት ጃያንትስ በ1938 ወደ ባልቲሞር መጣ። ደጋፊዎቹ ስሙን «ኢ-ላይት» ብለው ይጠሩት ነበር። ሮይ ካምፓኔላ ገና ተማሪ ሳለ የገባው ወደዚህ ቡድን ነው፤ በኋላ በብሩክሊን ሦስት ጊዜ የናሽናል ሊግ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል። በ1952 እና በ1953 የናሽናል ሊግ ምርጥ አዲስ ተጫዋች የተባሉት ጆ ብላክና ጁኒየር ጊሊያምም የኢላይት ልጆች ናቸው።

ይህን ቡድን የገደለው ስግብግብ ባለሀብት ወይም የሌሊት ጭነት መኪና አይደለም። በ1947 ጃኪ ሮቢንሰን የዘር ግድቡን ሲሰብር ተጫዋቹም ተመልካቹም ወደ ተከፈተው በር ሄደ፤ የሚገባም ነበር። ታላላቆቹ ቡድኖች ለወሰዷቸው ተጫዋቾች ለጥቁሮቹ ቡድኖች ብዙ ጊዜ አልከፈሉም ወይም ጥቂት ብቻ ወረወሩ። ፍትሕ ሲመጣ ያለ ፍትሕ ዘመን የቆመውን ተቋም ይዞት ሄደ። ተማሪዎቼ አንዳንድ ጊዜ «ታዲያ ባይፈርስ ይሻል ነበር?» ይሉኛል። አልልም። ተጫዋቹን ማዋሐድና የተቋሙን ባለቤቶች ባዶ እጃቸውን መሸኘት ግን የግድ አብረው የሚሄዱ ነገሮች አልነበሩም፤ ሁለተኛው ምርጫ ነበር።

በታኅሣሥ 2020 ታላቁ ሊግ ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን ሰባት የጥቁሮች ሊጎች እንደ ታላላቅ ሊጎች እንደሚቆጥር አስታወቀ፤ በ2024 ውጤቶቹ በይፋ መዝገቡ ገቡ። የካምፓኔላ የባልቲሞር ዓመታት ዛሬ ይቆጠራሉ። መስመሩ የተሰመረው ግን በ1948 ላይ ነው። ኢላይት ጃያንትስ የኔግሮ አሜሪካን ሊግ ሻምፒዮን የሆነው በ1949 ነው። ጊሊያምም ብላክም በዚያ ቡድን ውስጥ ነበሩ። ያ ዋንጫ በመዝገቡ የለም።